ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ጋሸና ሲወጣ፦ ዋጋው በገበያ፣ ፈተናው በዳገት

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኗን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ.ር) ይፋ ያደረጉት በጥር 2016 ዓ.ም ነበር። ውሳኔው አስቀድሞ የተሰማው በአዲስ አበባ የመኪና መሸጫዎች ቢሆንም ውጤቱ ቀስ በቀስ ወደ ደጋው እየወጣ ነው። ጋሸና ላይ ትንሽ መኪና መግዛት የሚሻ ነጋዴ፣ መምህር ወይም ከእርሻው ጥሪት የቋጠረ አርሶ አደር ሁለት ምርጫ ይጠብቀዋል። አንደኛው ብዙ ዓመት ያስቆጠረች ግን ዋጋዋ አልቀንስ ያለ ቪትዝ ወይም ያሪስ ናት። ሁለተኛው ዕድሜዋ አነስ ያለ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ያገለገለች የኤሌክትሪክ ሀችባክ ናት።

ሁለተኛዋን የሚያስመርጠው የነዳጅ ነገር ነው። የቤንዚን ዋጋ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ማብቂያ በሊትር ከ100 ብር ተሻግሯል። ከማደያ ራቅ ባሉ ከተሞች አቅርቦቱ በተጓደለ ቁጥር በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ ከተተመነው ዋጋ በላይ ያስከፍላል። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ መኪና ከ700 ብር በላይ ታስወጣለች። ለዚሁ ርቀት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። የመብራት ታሪፍ እየጨመረ መሄዱ ታስቦ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በ10 ብር ቢሰላ እንኳ ወጪው 150 ብር ነው።

አቅርቦቱን ያሰፋው የታክስ ፖሊሲው ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር ከክልከላው ቀደም ብሎ ባሳለፈው ውሳኔ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነው፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል ተደርጎ ነበር። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአንጻሩ ያረጁ የነዳጅ መኪናዎችን ከባድ ታክስ ጭኖባቸዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማራቶን ሞተር በሀገር ውስጥ የገጣጠማት የሃዩንዳይ አዮኒክ መኪና ስትመረቅ እንደ ብርቅ ታይታ ነበር። ዛሬ በሀገሪቱ የገቡት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ከ100 ሺህ በላይ እንደሆነ መንግሥት ይገልጻል። አሁን ደላሎች የሚያዞሯቸው ከእነዚህ መካከል ቀድመው የገቡትን ነው።

ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ርካሽ የሆነ መኪና ጋሸና ላይ ውድ ሊሆን ይችላል። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ ገዥው ከዋጋው ይልቅ ባትሪውን፣ ዳገቱንና የመብራት መስመሩን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

ባትሪው እንደ በሬ ጥርስ

ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን፣ አራምዶ እግሩን ያያል። ለኤሌክትሪክ መኪና ጥርሱ ባትሪው ነው። የመኪናው እጅግ ውድ ክፍልም እርሱ ነው፤ ሲያረጅ የሚይዘው ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል። ቀለሟ የሚያበራ፣ ወንበሯ ያልተነካ መኪና የደከመ ባትሪ ተሸክማ ልትገኝ ትችላለች። በስክሪኑ ላይ «100 በመቶ» የሚለው ጽሑፍም ስለ ጤንነቱ አይናገርም። የተሞላውን እንጂ የሚይዘውን መጠን አያሳይምና። ጤንነቱ የሚለካው ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር በሚገናኝ ስካነር ነው፤ ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ከሚያድነው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ሁለት መኪናዎችን ማነጻጸር ልዩነቱን ያሳያል። የቻይናዋ ቢዋይዲ ሲጋል እንደ ዓይነቷ 30 ወይም 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ባትሪ አላት። ትልቁ በቻይና የፍተሻ መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ቢባልም በእውነተኛ መንገድ የሚገኘው ከዚያ ያነሰ ነው። ከ2003 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በዓለም ገበያ የተሸጠችው የመጀመሪያዋ ኒሳን ሊፍ የምትይዘው ደግሞ 24 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪዋ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ ስለሌለው በሙቀት ቶሎ ይጎዳል። ጤንነቱ ወደ 70 በመቶ ከወረደ የሚቀረው ከ17 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም።

የዳገቱ ሒሳብ

ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ጋሸና ወደ 3 ሺህ ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አራት ሰው የጫነች፣ ጠቅላላ ክብደቷ 1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 4 ነጥብ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋታል። ይህም በሜዳ ለመጓዝ ከሚያስፈልጋት በተጨማሪ ነው። ለትልቁ ሲጋል ይህ የባትሪው አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ክብደቷ ለሚበልጠውና ባትሪዋ ለደከመው ሊፍ ግን ሲሶውን ይወስዳል፤ ከወልድያ ሙሉ ሆና ብትነሳም ጋሸና ላትደርስ ትችላለች።

ቁልቁለቱ ከወሰደው ከፊሉን ይመልሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ስትወርድ ሞተሯ ኃይል እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል፤ የፍሬን ሸራም ይቆጥባል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ይህን በግልጽ ያየዋል፦ መንገዱ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ከወረደ በኋላ 2 ሺህ 500 ሜትር ወደምትደርሰው ከተማ መልሶ ይወጣል። ሲሄድ የተረፈው ግን ለመልሱ ዳገት ይፈለጋል። የደጋው ብርድ፣ ማሞቂያውና ዝቅ ያለችውን መኪና ሆዷን የሚመታው ኮረኮንች ሲታከሉበት ከስክሪኑ ቁጥር ላይ ሲሶውን ቀንሶ ማቀድ ብልህነት ነው።

የመብራት ነገር

ጋሸና ላይ የመኪናዋ ማደያ የቤት ሶኬት ነው። በተለመደው 220 ቮልትና 10 አምፔር የምትሞላ ሲጋል ከባዶ እስክትሞላ እንደ ባትሪዋ መጠን ከ15 እስከ 20 ሰዓት ትወስዳለች። በጠነከረ መስመር ስትሞላ የምትስበው ኃይል ከእንጀራ ምጣድ ጋር የሚስተካከል ነው፤ ልዩነቱ ምጣዱ በጥቂት ሰዓት ይጠፋል፣ መኪናዋ ግን ሌሊቱን ታድራለች። ስለዚህ የራስ ቆጣሪ፣ ወፍራም ሽቦና ትክክለኛ የመሬት መስመር የሌለው ቤት ለአደጋ ይጋለጣል።

በ2014 ዓ.ም ጋሸና የጦር ግንባር በነበረችበት ወቅት ላሊበላና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራት መቆየታቸው አይዘነጋም። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ ሀገሪቱ ከ5 ሺህ ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አግኝታለች። የመነጨው ኃይል ደጋው ቤት እስኪደርስ ግን በምሰሶ፣ በሽቦና በትራንስፎርመር ያልፋል፤ የገዥው ዕድል የተንጠለጠለውም በዚህ በመጨረሻው ክፍል ላይ ነው።

ሶኬቱና ሊብሬው

በኢትዮጵያ ገበያ ያሉት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው። የፈጣን ቻርጅ መሰኪያቸው ከአውሮፓው ይለያል፤ የስክሪናቸው ጽሑፍም ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ነው። አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት የዓመታት ዋስትና በነጋዴ እጅ የመጣችን መኪና ተከትሎ ላይመጣ ይችላል። የቻርጅ ገመዱ አብሮ መኖሩን፣ ሊብሬው የሻጩ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ቀብድ መክፈል ጥሪትን በሰው እጅ ማስቀመጥ ነው።

ለማን ትሆናለች?

በጋሸናና በዙሪያዋ በቀን 40 እና 50 ኪሎ ሜትር ለሚመላለስ፣ የራሱ ቆጣሪ ላለውና ባትሪውን ላስፈተሸ ሰው መኪናዋ የምታስቆጥበው ብዙ ነው። በሽተኛ ይዞ በሌሊት ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ መሮጥ ለሚያሰጋው፣ ያለችውም አንዲት መኪና ብቻ ለሆነች ቤተሰብ ግን መብራት በጠፋበት ሌሊት ባዶ ባትሪ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ይህን ስጋት ገዥው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ጋሸና የወልድያ፣ የደብረ ታቦር፣ የላሊበላና የደላንታ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ለገና ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምእመንም በብዛት ያልፍባታል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ እንደከፈተው ያለ ፈጣን የቻርጅ ማዕከል እዚህ ቢተከል አራቱንም አቅጣጫ ያገለግላል። በየዓመቱ ለቦሎ በሚደረገው ምርመራ የባትሪው ጤንነት ተለክቶ በወረቀት ቢሰፍር ደግሞ ገዥውና ሻጩ በአንድ ሚዛን ይገበያያሉ። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ የወሰነው ፖሊሲ ወጪውን ለደጋው ገዥ ሲያወርድ፣ ቻርጅ ማድረጊያውንና መመዘኛውንም አብሮ ማድረስ ይጠበቅበታል።