ሕዝብ ሳይቆጠር ፕሬዚዳንት?

በቡሪ ግቢዎች ቡና እየተጠጣ የተጀመረው ክርክር፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ካርቱምን ካመሰቃቀለ ወዲህም አልበረደም። «ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ በቀጥታ ይምረጥ፤ የብሔር ፓርቲ ያን ዕለት ያከትምለታል» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። ማን ተቆጥሮ፣ በምን ደንብ? ይህ ሳይመለስ የሹመት ስም መለወጥ ባዶ ጩኸት ነው።

ፕሬዚዳንትማ አይተናል! በ1979 ዓ.ም. ማብቂያ ብሔራዊ ሸንጎ ኮሎኔል መንግሥቱን ሲመርጥ በአገሪቱ የተፈቀደው ፓርቲ ኢሠፓ ብቻ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ፕሬዚዳንቱን በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ያስመርጣል፤ ሥልጣኑን ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጥቶታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚያወጣው የወንበር ብዛት ነው።

ወንበሩስ እንዴት ተደለደለ? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሶማሌ ክልል 4.4 ሚሊዮን፣ ትግራይ 4.3 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። ከ547ቱ ወንበር ግን ለሶማሌ 23፣ ለትግራይ 38 ነበር የተመደበው። ጠመኔ የያዘ ተማሪ ያካፍለው፦ አንዱ የሶማሌ ተመራጭ ለ193 ሺህ ያህል ሰው ሲቆም፣ የትግራዩ ለ114 ሺህ ያህል ይቆማል። የኦሮሚያው 152 ሺህ፣ የአማራው 125 ሺህ ገደማ ይደርሰዋል። የትግራይን ገበሬ አንከስም፤ ደልዳዩ እሱ አይደለም። አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም በውጤቱ ላይ ተመሥርተው ይወሰኑ ይላል። ቆጠራው በ2009 ሳይካሄድ ቀረ፤ በ2011ም ተራዘመ። የ2013ቱ ምርጫ በአሮጌው ድልድል ተካሄደ።

ደንቡም ራሱ ጉድ ነው። በአንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ጠቅልሎ ይሄዳል። በ1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበር በሙሉ ወሰደ፤ በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወንበር ያዙ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ይህን ያህል ልቡን ለወጠ የሚለን ካለ ይምጣ!

ቀጥታ ምርጫስ ይፈውሰዋል? በዚያው ቆጠራ ኦሮሞ ከመቶ 34፣ አማራ 27 ገደማ ነው። ብቻውን ግማሽ የሚሞላ የለም፤ ሁለቱ ትልልቆች ከተስማሙ ግን ለሌላው ደጅ ማን ይሄድለታል? ናይጄሪያ ይህን ፈርታ እ.ኤ.አ. በ1979 አሸናፊው ከክልሎቹ በሁለት ሦስተኛው ቢያንስ ከመቶ 25 ድምፅ ያግኝ ብላ ደነገገች። ክልሎቹ 19 ነበሩና ሁለት ሦስተኛው 12 ነው ወይስ 13 በሚል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሻጋሪም በክፍልፋይ ሒሳብ ጸኑ። (ሒሳብ አስተማሪ ቢጠሩ ኖሮ!) የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥትም ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ፣ ከ47ቱ አውራጃዎች ከግማሽ በሚበልጡት ደግሞ ከመቶ 25 ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ደንብ ሲኖር የአንድ ብሔር ፓርቲ ከቀዬው ወጥቶ መለመን ግድ ይሆንበታል።

ከቆጠራና ከዚህ ዓይነት ደንብ በፊት ለማንኛውም ፕሬዚዳንት አናጨበጭብም። የሚቀጥለው ገጽ ለተቃዋሚዎቻችን ባዶ ተትቷል፤ የአፋሩ አርብቶ አደር በእነሱ ደንብ የት እንደሚውል ይጻፉልን።