ተራ ቃልና ያረጀ ቃል

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የክፍል ጓደኛዬ ስለ ቤት ኪራይ የጻፈው ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ተመለሰለት። ከግርጌው «አማርኛው ተራ ነው» የሚል አስተያየት ሰፍሮበታል። ልጁም ምክሩን ተቀብሎ አረመው። «ድሆች» ያለውን «በዝቅተኛ የኑሮ ደረጃ ላይ የሚገኙ የኅብረተሰብ ክፍሎች» አለው። «ኪራይ ተወደደ» ያለውን «የኪራይ ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ መምጣቱ የሚታወቅ ነው» አደረገው። «አከራዮቹ አስወጧቸው» የሚለውን ደግሞ «ለመፈናቀል ተዳርገዋል» ብሎ ለወጠው። ድርሰቱ ከሁለት ገጽ ወደ አራት ገጽ አደገ፤ ነጥቡም አብሮ አደገ። ማን ማንን እንዳስወጣ ግን ከድርሰቱ ውስጥ ጠፋ።

ይህን የማነሣው ያንን መምህር ለመክሰስ አይደለም። ክሱ በሁላችንም ላይ ነው። ተራ የሆነውንና ያረጀውን መለየት አቅቶን፣ ተራውን እንንቃለን፤ ያረጀውን እናከብራለን።

እስቲ «ተራ» የሚለውን ቃል ራሱን እንመርምረው። ተራ ሰልፍ ነው፤ ወረፋም ነው። በመርካቶ ደግሞ የገበያ ስፍራ ነው፤ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እንላለን። ተራ ሰው ማለትም ማዕረግ የሌለው፣ ከሌላው እኩል የቆመ ሰው ማለት ነው። ታዲያ ስድቡ የቱ ላይ ነው? ውሃ ተራ ቃል ነው፤ እንጀራም ተራ ቃል ነው። ይሁን እንጂ «እንጀራ» የሚለው ቃል ሰለቸኝ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቃሉ በተነገረ ቁጥር የሚያሳየው ነገር አለና።

ያረጀ ቃል ሌላ ነው። ለእርሱ አማርኛችን ስም አላነሰውም፤ የነፈሰበት፣ ያፈጀ፣ የተሰለቸ፣ ለዛ ቢስ፣ ውሃ ውሃ የሚል፣ አልጫ እንለዋለን። ከሌላ ሰው የተወሰደ ሲሆን ኩረጃ ወይም ግልባጭ ነው። ያረጀ ቃል የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በመነገሩ አይደለም፤ ተናጋሪው ሳያስብ ሊናገረው በመቻሉ ነው እንጂ።

የቅኔ ቤት ሊቃውንት ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቃሉ። ተማሪው ቅኔውን ራሱ ይቆጥራል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ትናንት የተዘረፈው ዛሬ አይደገምም። ሰሙ ግን ገበሬና በሬ፣ እህልና ዝናብ ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው ሐሳቡ አዲስ እንዲሆን እንጂ ቃሉ ብርቅ እንዲሆን አይደለም። ቆሎ ለምኖ የሚማር ልጅ በየጊዜው አዲስ ቅኔ ሲቆጥር፣ ቤተ መጻሕፍትና ኮምፒዩተር የቀረበልን እኛ የአምናውን መግቢያ ለዘንድሮው ድርሰት እንገለብጣለን።

ከዩኒቨርሲቲያችን ታሪክም ምስክር አለ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። መሬት ተራ ቃል ነው፤ አራሽም ተራ ቃል ነው። ሁለቱን አጋጥሞ ማንም በማይስተው መንገድ መናገር ግን ድፍረትና ሐሳብ ጠይቋል። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ያ ሰልፍ «የመሬት ሥሪቱ ዘርፈ ብዙ ችግሮች ትኩረት ይሻሉ» እያለ ቢወጣ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

የዚያው ትውልድ ታሪክ ሌላም ያስተምረናል። «አድኃሪ»፣ «ፀረ ሕዝብ»፣ «አናርኪስት» የሚሉት ቃላት መጀመሪያ ሐሳብ ነበራቸው። ተደጋግመው ሲያረጁ ግን ሐሳቡ ወጣና ማኅተሙ ቀረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ቃሉ በአንድ ወጣት ስም ላይ ከተለጠፈ ወዲያ «ምን አደረገ?» ብሎ መጠየቅ ቀረ። «አድኃሪ» ማለትን በየስብሰባው ካስለመዱት ወጣቶች መካከል በዚያው ዓይነት ቃል ተፈርጀው የተገደሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ወደ ዛሬው ኑሯችን እንመለስ። ከመኖሪያችን ውሃ በጠፋ በአምስተኛው ቀን «በተፈጠረው ችግር ለደረሰው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን፣ የሚመለከተው አካል እየሠራበት መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ችግሩን ማን ፈጠረው? የሚመለከተው ማን ነው? ውሃው መቼ ይመጣል? አንዱም አልተመለሰም። እኛስ ምን ብለን ጻፍን? «ባለድርሻ አካላት የበኩላቸውን ሚና እንዲጫወቱ እናሳስባለን።» ግልባጭ ለግልባጭ ተጻጻፍን። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው እፎይ ብሎ እንደ ተኛ አልጠራጠርም፤ ከደብዳቤያችን ውስጥ እርሱን የሚጠይቅ አንድም ቃል አልነበረምና።

እርግጥ እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ ስያሜ ያስፈልገዋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። «የዋጋ ንረት» የሚለው ቃል አንድ የታወቀ ነገር ስለሚሰይም ሥራ አለው። «ዘርፈ ብዙ» ግን ዘርፎቹ ካልተቆጠሩ በቀር ምን ይሰይማል?

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በወረቀታችን ላይ «ተራ ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ቃሉ የሚያሳየው ነገር እንዳለ ተመልከቱልን። ያረጀውን ግን ያለ ርኅራኄ ሰርዙብን።

ለእኛ ለተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ደግሞ ይህ ነው፤ ከማኅበራችን የሚወጣ ማንኛውም ደብዳቤ ማን፣ ምን፣ መቼ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልስ አይፈረምበት። የሚቀጥለው ደብዳቤያችንም «ውሃ ከጠፋ አምስት ቀን ሆነው፤ ቧንቧውን የሚጠግነው ማን ነው?» ብሎ ይጀምር። አማርኛው ተራ ነው ቢሉን፣ አዎን፣ ተራ ነው እንበላቸው።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ