መታወቂያው ለጌጥ አይሁን

በአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ዕድሜ ልኩን መካኒክ፣ መሐንዲስ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ የኖረ ሲቪል፣ ጡረታ ሲወጣ የጡረተኛ መታወቂያ ማውጣት ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ የጦር ሰፈሩን ጂም፣ ቦውሊንግ፣ ጎልፍና የካምፕ ሥፍራ ከሚጠቀሙት ወገኖች ይቆጥረዋል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን በአብዛኛው የየሰፈሩ አዛዥ ነው። ስለዚህ አንዱ ሰፈር የፈቀደውን ሌላው ሊከለክል ይችላል፤ መብቱም «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል። ቅድሚያው ለወታደሩና ለቤተሰቡ መሆኑ አያከራክርም። ይሁንና ጎልፉና ቦውሊንጉ በዋናነት የሚተዳደሩት በመንግሥት በጀት ሳይሆን ተጠቃሚው በሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ወታደሩ ሥራ ላይ በሚውልበት ሰዓት ከፍሎ የሚጫወት ጡረተኛ ገቢ እንጂ ሸክም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በአገልግሎት ምክንያት ጉዳት የደረሰባቸው የቀድሞ ወታደሮች ወደ ሰፈሩ አንዳንድ መዝናኛዎች በሕግ እንዲገቡ ተደርጓል፤ በ2021 ደግሞ በሥራ ላይ ያሉ ሲቪሎች በሰፈሩ መደብሮች እንዲገበዩ ተፈቅዷል። በሩን ማስፋት እንደሚቻል ታይቷል ማለት ነው። ፔንታገን ለሲቪል ጡረተኞችም በሁሉም ሰፈር የሚሠራ አንድ ወጥ ደንብ ያውጣ፤ አዛዡ መከልከል ካለበትም ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቅ።