የወንዙ ጌታ ማን ነው?

በዚህ ሰሞን በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም አንድ ክርክር ይሰማል። ይኸውም «አንድ ታላቅ ሠዓሊ በወንዝ ወይም በተራራ ላይ ሊሠራ ያሰበውን ሥራ የአካባቢው ሰው ሊከለክለው ይችላልን?» የሚል ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጥበብ ፈቃድ አትጠይቅም፤ ባላገር ስለ ጥበብ ምን ያውቃል?» ሲሉ ሰምተናል። ሌሎች ደግሞ «ጨርቅ ለመስቀል ብሎ ድንጋይ መብሳት እብደት ነው፤ ምን ክርክር ያስፈልገዋል?» ብለው ይስቃሉ። እኛ ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል እንላለን። ምክንያታችንንም በባዶ ሜዳ ላይ እንዳንናገር በአሜሪካ በኮሎራዶ የሆነውን አንድ ጉዳይ እናቀርባለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪስቶና ሚስቱ ዣን ክሎድ የሚባሉት ሠዓሊዎች ሕንፃና መልክዐ ምድር በጨርቅ በመሸፈን የታወቁ ነበሩ። በ1992 አንድ አዲስ ሐሳብ አወጡ። ሳላይዳና ካኞን ሲቲ በሚባሉት ከተሞች መካከል በሚፈሰው በአርካንሳስ ወንዝ ላይ፥ 67 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ውስጥ በስምንት ቦታ፥ በጠቅላላው 9 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን ብርማ ጨርቅ ከውኃው በላይ ሊዘረጉ አሰቡ። ጨርቁን የሚሸከመው የብረት ገመድ ነው፤ ገመዱን የሚይዘው ደግሞ በወንዙ ዳርና ዳር አለት እየተበሳ የሚተከል ከ9 ሺህ በላይ ችካል ነው። የሥራው ዝግጅት ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ለሕዝብ የሚታየው ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይነሣል።

ወንዙ የሚያልፍበት ሸለቆ ግን ባዶ ምድር አልነበረም። ጥምዝ ቀንድ ያላቸው የዱር በጎች ከገደሉ ወርደው ውኃ የሚጠጡት እዚያ ነው። ዓሣ አጥማጁና ጀልባ ቀዛፊው የሚተዳደረው በዚያው ወንዝ ነው። በሸለቆው ውስጥ ያለው አውራ ጎዳና አንድ ብቻ ስለሆነ፥ መንገዱ በሥራ መኪናና በጎብኚ ቢዘጋ የታመመ ሰው እንዴት ሐኪም ቤት ይደርሳል? ይህን የጠየቁት የአገሩ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ተነሡ። ክሪስቶም ወጪውን ከማንም መንግሥት አልለመነም፤ ንድፎቹን እየሸጠ በራሱ ገንዘብ ይከፍል ነበርና። መሬቱን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መንግሥት ቢሮ ለአንድ የጥበብ ሥራ፥ ግድብ ወይም ማዕድን እንደሚሠራ ያህል፥ ሙሉ የአካባቢ ጥናት አስደረገ። በኅዳር 2011 ከመቶ የሚበልጡ የጥንቃቄ ግዴታዎችን አስቀምጦ ፈቀደ። መንግሥት 121 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል የኤኮኖሚ እንቅስቃሴ ይመጣል ብሎ ተስፋ ሰጠ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ተቃዋሚዎቹን ወክለው በ2012 መንግሥትን በፌዴራል ፍርድ ቤት የከሰሱት እንደ እኛው ተማሪዎች ነበሩ፤ በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ በመምህራኖቻቸው እየተመሩ የሕግ ሥራ የሚለማመዱ የሕግ ተማሪዎች። በ2015 ፍርዱ ለመንግሥት ቢሆንም እነሱ ይግባኝ ብለው ቀጠሉ። ስለ በግና ስለ ወንዝ ሲከራከሩ ማንም «ይህ የተማሪ ጉዳይ አይደለም» አላላቸውም። «ተማሪ ትምህርቱን ይማር እንጂ ምን አገባው» ለሚሉን መልሳችን ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ጓደኞቻችን ክርክር እንመለስ። «ጥበብ ፈቃድ አትጠይቅም» ለሚሉት፥ ክሪስቶ ራሱ ይመሰክርባቸዋል። በ1976 በካሊፎርኒያ 39 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የጨርቅ አጥር ሲያቆም የ59 ባለ ርስቶችን ፈቃድ አንድ በአንድ ለምኗል፤ በ18 ሕዝባዊ ስብሰባዎች ላይ ቀርቧል፤ 450 ገጽ የሆነ የአካባቢ ጥናት አስጽፏል። በ1994 የጀርመን ፓርላማ «ሕንፃችን በጨርቅ ይጠቅለል ወይስ አይጠቅለል?» ብሎ ተከራክሮ በ292 ድምፅ ለ223 ፈቀደለት። እነዚህ ሥራዎች የታወሱት ፈቃድ በመጠየቃቸው ነው ብንል አልተሳሳትንም። ሠዓሊው በሰው ማዕድ ቤት ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ለማያውቀው ገበሬ ሐሳቡን ማስረዳት ነበረበት። በርግጥ ንጹሕ ነበር አንልም፤ የዚያን የአጥር የባሕር ዳር ክፍል ያለ ፈቃድ ነው ያቆመው።

ፈቃድና ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ደግሞ ለክብር ብቻ አይደለም። በ1991 በጃፓንና በካሊፎርኒያ በአንድ ጊዜ 3,100 ታላላቅ ጃንጥላዎች ተተክለው ነበር። አንዱን ነፋስ ነቅሎ አንዲት ሴት ገደለ፤ በጃፓንም ጃንጥላው ሲነሣ አንድ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ሞተ። ሥራው የሁለት ሰው ነፍስ በላ ማለት ነው። ሸራ ላይ የሚሥል ሰው ቢሳሳት የሚበላሸው ሸራው ነው፤ በአገር ላይ የሚሥል ሰው ቢሳሳት የሚጎዳው ሌላው ነው። ይህን ለይቶ የማያይ ሰው ስለ ጥበብ ነጻነት ባይናገር ይሻለዋል።

ክሪስቶ ብዙ ጊዜ «ክርክሩ፥ ስብሰባው፥ ተቃውሞው ሁሉ የሥራዬ አካል ነው» ይል ነበር። ነገሩ ያምራል። ነገር ግን ከሥራው ቀርቶ በየስብሰባው ዓመታት ያሳለፈው ዓሣ አጥማጅ የሰው ሥዕል ቀለም ልሁን ብሎ አልተመዘገበም። ተቃውሞውን «የጥበቤ አንድ ክፍል ነህ» ብሎ መሳም፥ ሰውየውን ማክበር አይደለም፤ አፉን በጨርቅ መሸፈን ነው።

አሁን ደግሞ የሚስቁትን ወገኖች እንጠይቅ። የአርካንሳስ ወንዝ ከጨርቁ በፊት ንጹሕ ነበርን? ከላይ ከሌድቪል የማዕድን ጉድጓዶች የሚወርደው መርዛማ ፍሳሽ ለብዙ ዘመን ሲገባበት ቆይቶ፥ በ1983 ቦታው በአሜሪካ እጅግ ከተበከሉት ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። በሸለቆውም የባቡር ሐዲድና አውራ ጎዳና አልፎበታል። ማዕድን ሲቆፈር «ልማት ነው» ተብሎ ዝም የሚል፥ ለሁለት ሳምንት ጨርቅ ሲዘረጋ ግን «ተፈጥሮ ተደፈረች» ብሎ የሚጮህ ሰው የሚወደው ወንዙን መሆኑን እንጠራጠራለን። ሥዕልን የጠየቅነውን ያህል ማዕድኑን፥ ግድቡን፥ ፋብሪካውን ብንጠይቅ ኖሮ ዓለም ሌላ መልክ በኖራት ነበር። ስለዚህ «ጥናቱ ለጥበብ በዛ» አንልም፤ «ለሌላው አነሰ» እንላለን።

የነገሩ ዋና ፍሬ ግን የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በጥር 2017 ዶናልድ ትራምፕ ፕሬዚዳንት በሆነ በሳምንቱ ክሪስቶ ሥራውን ተወው። ከ20 ዓመት በላይ ደክሞበት፥ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል የራሱን ገንዘብ አውጥቶበት፥ መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የባለመሬቱን አዲስ አለቃ የሚጠቅም ሥራ አልሠራም አለ። ብዙዎች አጨበጨቡለት። ከገንዘቡና ከድካሙ ይልቅ ኅሊናውን መርጧልና እኛም ቆራጥነቱን አንንቅም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን። ባለመሬቱ ማን ነው? ፕሬዚዳንቱ ነውን? በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው የተማሪ ትውልድ ወራሾች የሆንን እኛ ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ ልናልፍ አንችልም። ፕሬዚዳንት በአራት ዓመት የሚመረጥና የሚሻር ሹም ነው፤ ወንዙ የሕዝቡ ነው። ለ20 ዓመት የተከራከሩት፥ የፈረሙት፥ የከሰሱትና የደገፉት ሁሉ ባለቤቶቹ ናቸው። ሠዓሊው ሹሙን ባለቤት ብሎ በጠራ ጊዜ፥ ሳያውቀው ሕዝቡን ከርስቱ ነቀለው። ሹሙን መቃወም አንድ ነገር ነው፤ የሕዝቡን ርስት ለሹሙ ሰጥቶ መሄድ ሌላ ነው።

ደግሞስ ወዴት ሄደ? በዚያው መግለጫው ጉልበቱን ሁሉ በአቡ ዳቢ ለሚያስበው «ማስታባ» እንደሚያውል ተናገረ። እርሱም ከ410 ሺህ የነዳጅ በርሜሎች የሚሠራ፥ ቁመቱ 150 ሜትር የሆነ፥ በበረሃ ለዘለቄታው የሚቆም ክምር ነው። እስኪሞት እስከ 2020 ድረስ አልተሠራም፤ ሐሳቡ ግን ይበቃናል። የአንዱን አገር መንግሥት ተጸይፎ፥ ሕዝቡ አሚሩን የማይመርጥበትና የማይሽርበት አገር ሲገባ፥ ይህ ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ ውስጥ እንደ መግባት አይሆንምን? «እስማማለሁ» የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረው «አልስማማም» ማለት በሚቻልበት አገር ብቻ ነው። ተቃዋሚ ስለሌለበት ፈቃድ የሚፈጥን ቦታ ለሠዓሊ ምቹ ሊሆን ይችላል፤ ለጥበብ ግን መቃብር ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። አንደኛ፥ በጋራ መሬት ላይ የሚሠራ ማንም ይሁን ማን፥ ሠዓሊም ቢሆን ባለ ፋብሪካ፥ አስቀድሞ ዕቅዱን፥ ወጪውንና ሲያበቃ እንዴት እንደሚያነሣው በግልጽ ያቅርብ። ሁለተኛ፥ በዚያ ምድር የሚኖረው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ «አልፈልግም» ያለም «አላወቀም» ተብሎ አይናቅ። ሦስተኛ፥ ጥበብን የምንጠይቀውን ጥያቄ ሁሉ ኃይልና ገንዘብ ያለውንም እንጠይቅ፤ ደካማውን ብቻ መመርመር ፍትሕ አይባልምና።

የሥዕል ተማሪዎች በዚህ ነገር ይቆጡን ይሆናል፤ የሕግ ተማሪዎችም የሚያርሙት አያጡም። መምህራኖቻችንም ቢሆኑ ዝም ባይሉ ደስ ይለናል። የሚቃወመን ሁሉ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው። ብቻ ክርክሩ ሲጀመር አንድ ነገር እንዳይረሳ እንለምናለን፤ ጨርቁ ከመዘርጋቱ በፊት ወንዙ ነበረ፤ ወንዙም የሚጠጡት ነበሩት።