ፊልሙ ግድግዳው ላይ አልወጣም?

መሐል ሜዳ ያለ አንድ መምህር የመንዝ ጓሳን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኘ እንበል። ፊልሙን ሙሉ ስክሪን ሲያደርገው የሚሰፋው ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ የዴስክቶፑ ምስል ብቻ ቀርቷል። ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፤ መብራቱም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። እንደ ኡቡንቱ ባሉ የሊኑክስ ሲስተሞች መስኮት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፋው ባለበት ስክሪን ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያዛውሩት፤ ከዚያ ያስፉት።

በኢስኬፕ ቁልፍ ወደ ትንሹ መስኮት ይመለሱ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ሺፍትን አንድ ላይ ይዘው የቀኝ ቀስቱን ይጫኑ፤ እምቢ ካለ የግራውን። መስኮቱ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ያስፉት። ቪኤልሲ አሁንም ወደ ላፕቶፑ ከተመለሰ፣ በራሱ ማስተካከያ ውስጥ ቪዲዮ በሚለው ክፍል ፊልሙ የሚሰፋበትን ስክሪን ይምረጡለት።

ይህ ሁሉ ካስቸገረ፣ በኮምፒውተሩ የስክሪን ማስተካከያ ሁለቱም ስክሪኖች አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ ያድርጉ። ለክፍል ይህም ይበቃል። ብቻ ተማሪዎቹ ሳይገቡ ቀደም ብለው ይሞክሩት።