«ያገር ያለህ!» ሲባል የት ናችሁ?

ወገን፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው በጨለማ ማጅራቱን ሲያዝ ምን ብሎ ነው የሚጮኸው? «ያገር ያለህ!» ነው የሚለው። በጭንቁ ሰዓት የሚጠራው አገሩን ነው። ለዚያ ጩኸት መልስ የሚሰጠው አገር ግን ካርታው አይደለም፤ በሩን ከፍቶ የሚወጣው ጎረቤት ነው።

እኛስ? ፕሮፋይላችን ላይ ባንዲራ ለጥፈናል። «ላገሬ እሞታለሁ» የሚል ኮመንት ሲሆን ማን ይቀድመናል! ማታ 3 ሰዓት ላይ ከአጥራችን ውጪ አንዲት ልጅ ስትጮህ ግን መብራት እናጠፋለን። ሚኒባስ ውስጥ ኪስ አውላቂ የሰው ኪስ ሲዳብስ እያየን ፊታችንን ወደ መስኮት እናዞራለን። «ምን አገባኝ!» ማጅራት መቺው በጡንቻው የሚተማመን እንዳይመስላችሁ። የሚተማመነው በዚህች ቃል ነው።

«ጩቤ ያዙ» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ማጅራት መቺ እኮ ከኋላ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜም ብቻውን አይደለም። ጩቤውን እስክታወጡ የእሱ ሆኗል። ለስልክ ነፍስን ማስያዝ ጀግንነት አይደለም። ስልኩን ስጡ፣ ሰውና መብራት ወዳለበት ሩጡ፣ ጩሁ። ከዚያ ለፖሊስ 991 ደውሉ። በሰው ስልክ 994 ደውላችሁ ሲማችሁን አዘጉ፤ ቴሌብራችሁ እዚያ ላይ ነው። የቴሌብር ፒናችሁና የስልካችሁ መክፈቻ አንድ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ጥቃቱ በስልክ ሳያበቃ ሲቀርስ? ራስን መከላከል መብት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስህን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ሰው ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ሌላ ማምለጫ ሲጠፋ፣ ከጥቃቱም ጋር ሲመጣጠን ነው። ሌባው ከወደቀ በኋላ ተሰብስቦ በድንጋይ መቀጥቀጥ መከላከል አይባልም። ሲጮህ ያልወጣ ሰው፣ ሌባው ከተያዘ በኋላ ጀግና ሆኖ ሲራገጥ ማየት እንዴት ያሳፍራል!

ደግሞ ካርቶንም ደረሰኝም የሌለው ስልክ «በርካሽ አገኘሁ» ብላችሁ የምትገዙ! ገዢ ባይኖር ማን ይቀማ ነበር? የእህታችሁ ስልክ እኮ ነው በሌላ ሰፈር እንዲህ በርካሽ የተሸጠው።

«ሥራ አጥነት ነው ሌባ ያደረገው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ድንጋይ ላይ ነው የምውለው። የምትዘረፈው ግን ባለ ቪላዋ አይደለችም። ማታ ጀበናዋን አጥባ፣ የቀን ገቢዋን በመቀነቷ ቋጥራ በእግሯ የምትገባዋ ናት። ሥራ አጥ ሥራ አጥን እየጠበቀ፣ ደሃ ደሃን እየቀማ የሚቃና ኑሮ የለም።

ሥራ ባይኖረንም ጊዜ አለን። በየሰፈራችን ሁለት ሦስት ሆነን፣ አምሽተው የሚገቡትን ከታክሲ መውረጃው ተቀብለን ቤታቸው እናድርስ። ከእያንዳንዱ በር ላይ አንድ አምፖል ይብራ። እድራችን ለቀብር ብቻ ሳይሆን በሕይወት ላለው ሰውም ይሰብሰብ። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይከፈታል፤ ሰፈሩ ከወጣ ማጅራት መቺ አይቆምም።

እና ዛሬ ማታ «ያገር ያለህ!» ስትሰሙ መብራቱን አታጥፉ። አብሩና «አለን!» በሉ። ይህን ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን የጎረቤታችሁን ስልክ ቁጥር ያዙ።