ሯጩም፣ ብስክሌቱም፣ ውሃውም ሞልቶ ትሪያትሎን የት ጠፋ?

ከአዴት እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ማራቶን ማለት ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርጎ ፍኖተ ሰላም የሚደርሰው አስፋልት ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ባሕር ዳር ደጃፍ ላይ ጣና ተኝቷል። 3.8 ኪሎ ሜትር የሚዋኝ፣ ከውሃው ወጥቶ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት የሚነዳ፣ ከብስክሌቱ ወርዶ 42.2 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ረጅሙን ትሪያትሎን ጨረሰ ይባላል። ሁሉም በአንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በ17 ሰዓት ገደብ ውስጥ።

እንግዲህ ምዕራብ ጎጃም ሦስቱም አለው። አዴት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ትገኛለች። የውጭ አትሌቶች ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚፈልጉት ከፍታ የይልማና ዴንሳ ልጅ በነፃ የሚተነፍሰው አየር ነው። ባሕር ዳር በብስክሌት ከሚታወቁ የኢትዮጵያ ከተሞች ቀዳሚዋ ናት፤ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው ፔዳል እየመታ ይውላል። ሩጫውን ማንም አይጠይቅም። ሆኖም ትሪያትሎን በ1993 ዓ.ም መስከረም ሲድኒ ላይ ኦሎምፒክ ከገባ ወዲህ በዚያ ውድድር የኢትዮጵያ ባንዲራ ታይቶ አያውቅም።

ለምን? ሲጠየቅ ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ "የእኛ ነገር ሩጫ ነው" የሚል ነው። ሌላው "ገንዘብ የለም" ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፣ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናሉ። የጎደለው ሳንባ አይደለም። የጎደሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሰው የሚዋኝበት ንጹሕ ውሃ፣ ሰው በሰላም ወጥቶ የሚገባበት መንገድ፣ ለሜዳሊያ ሳይሆን ለራሱ ብሎ ለሚወዳደር ተራ ሰው የሚሰጥ ክብር።

🔹 ውድድሩን የፈጠሩት ተራ ሰዎች ናቸው

ይህ ስፖርት የተወለደው በክርክር ነው። ሃዋይ ውስጥ ዋናተኛ ይበልጣል፣ ሯጭ ይበልጣል፣ ብስክሌተኛ ይበልጣል እየተባለ ሲከራከሩ የባሕር ኃይል መኮንኑ ጆን ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ በደሴቲቱ የነበሩትን የዋና፣ የብስክሌትና የማራቶን ርቀቶች አንድ ላይ አገጣጠሟቸው። በ1970 ዓ.ም የካቲት (እ.ኤ.አ. 1978) 15 ሰዎች ጀመሩ፣ 12 ጨረሱ። አሸናፊው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ፈጀበት።

ከአራት ዓመት በኋላ ጁሊ ሞስ የተባለች ተማሪ እየመራች መጥታ መጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትር ሲቀራት እግሯ ከዳት። ሌላዋ አለፈቻት። እሷም በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች መስመሩን ነካች፣ ሁለተኛ ወጣች። ስፖርቱን ዓለም ያወቀው በአሸናፊዋ ሳይሆን በዳኸችው ነው። በ2004 ዓ.ም ክረምት ደግሞ ማዶና ቡደር የተባሉ የካቶሊክ መነኩሲት በ82 ዓመታቸው ካናዳ ላይ ያንኑ ሙሉ ርቀት ጨርሰዋል።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። እዚህ ሩጫ ማለት ሥራ ነው፤ ከድህነት መውጫ ነው። አንደኛ ያልወጣ "ተሸነፈ" ይባላል። በረጅሙ ትሪያትሎን ግን ከሚሰለፉት አብዛኞቹ መምህራን፣ ነርሶች፣ ሹፌሮች፣ ጡረተኞች ናቸው። የሚታገሉት ከሰዓቱና ከራሳቸው ጋር ነው።

🔹 ብስክሌተኛው በመጀመሪያው ዓመት የሚገጥመው

አንድ የአዴት መምህር እንውሰድ እንበል። ቅዳሜና እሁድ ብስክሌት የሚነዳ፣ ዳገት የማይፈራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትሪያትሎን ሊሞክር የቆረጠ። ምን ይገጥመዋል?

መጀመሪያ ውሃው ያዋርደዋል። በብስክሌት የዳበረ እግር በውሃ ውስጥ ሸክም ነው፤ ዋና በጉልበት ሳይሆን በአተነፋፈስና በአካል አቀማመጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ዳገት ላይ ማንንም የሚያስከነዳ ሰው ሃምሳ ሜትር ዋኝቶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ዋናው ከጠቅላላው ጊዜ አንድ አስረኛ ገደማ ቢሆንም የተለመደው ገደብ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ከውሃ ያልወጣ ብስክሌቱን ሳይነካ ቀኑ ያበቃል።

ሁለተኛ፣ የሚተማመንበት ብስክሌት ራሱ ወጥመድ ይሆንበታል። የሩጫ ሰዓቱን ገና ሳያስብ፣ ሰው እየቀደመ፣ ደስ እያለው ይነዳል። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው። ከ180 ኪሎ ሜትር በኋላ ሲወርድ እግሩ እንጨት ሆኖ ያገኘዋል፤ ማራቶኑ ደግሞ ገና ሊጀመር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ለብስክሌተኛ መራራ ነው፤ በጣም የሚችለውን ነገር ቀነስ አድርጎ መሥራት። ልምምዱም ከብስክሌት እንደወረዱ ወዲያው መሮጥን ይጨምራል፣ እግር እስኪለምደው።

ሦስተኛ፣ ብቻውን ነው። በተለመደው የብስክሌት ውድድር ጓደኛ ከፊት ሆኖ ንፋስ ይከልላል። በረጅሙ ትሪያትሎን ከፊት ካለው ጀርባ ተለጥፎ መንዳት ያስቀጣል። ጎማ ቢፈነዳ የሚቀይረው ራሱ ነው። ካቴና ቢወልቅ የሚያስገባው ራሱ ነው።

አራተኛ፣ ሆዱን ማሠልጠን አለበት። በእንዲህ ያለ ርቀት ሰውነት በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም የሚሆን ኃይል ሰጪ ምግብ ይፈልጋል፤ ጨውና ውሃ ሳይቀር። ፈረንጅ በትንንሽ ፓኮ የሚሸጠውን የአዴት ሰው ከቤቱ ያውቀዋል፤ በሶ፣ ማር፣ ሙዝ፣ ቅቅል ድንች። ችግሩ ምግቡ ሳይሆን እየነዱ መብላትን መልመዱ ነው።

አስተዋይ ጀማሪ ደግሞ ሙሉውን ርቀት በመጀመሪያው ዓመት አይነካም። በአጭሩ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ግማሹን ይሞክራል፤ 1.9፣ 90 እና 21.1 ኪሎ ሜትር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ይመስላል።

እስካሁን ከተዘረዘሩት ውስጥ አንድም ከኢትዮጵያዊ አቅም በላይ የሆነ ነገር የለም። ሁሉም በትዕግሥት የሚገኝ ነው። ታዲያ የት ላይ ነው የሚቆመው?

🔹 የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

የመጀመሪያው ማነቆ ውሃው ነው። በ2008 ዓ.ም ነሐሴ ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ሆነ። ዓለም ሳቀበት፣ አገር ቤትም ተቆጣ። አባቱ የፌዴሬሽኑ መሪ መሆናቸው ስለ ምርጫው ያስነሳው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ግን ቁጣው እዚያው ላይ ቆመ። በዚያው ሰሞን መጠየቅ የነበረበት ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ያለ ቤተሰብ ድጋፍ፣ ያለ ሆቴል ገንዳ፣ አንድ የገጠር ከተማ ልጅ ዋና የት ይማራል?

ጣና አለ ይባል ይሆናል። የጣና ዳርቻ ግን ቢልሃርዚያ አለበት። ጉማሬም አለበት። ልጆች በየወንዙ ይንቦጫረቃሉ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዝ ሲሻገሩ ይወሰዳሉ። ዋና በዚህ አካባቢ ከስፖርት በፊት የነፍስ ጉዳይ ነው። የዓባይ ምንጭ ያለበት ሕዝብ ልጁን መዋኘት ሳያስተምር ሲያሳድግ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ሌላ ትርጉም ያገኛል።

🔹 መንገድ የሰላም መለኪያ ነው

ሁለተኛው ማነቆ መንገዱ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከአትሌቲክስ ጋር ይዛ የሄደችው ብስክሌትን ነበር፤ ገረመው ደንቦባም ከተሰለፉት አንዱ ነበር። በ2008 ዓ.ም ሐምሌ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ብስክሌት መጤ ስፖርት አይደለም።

የወጣበት ትግራይ ብስክሌት እንደ ባህል የሚታይበት ምድር ነው። ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። በ2016 ዓ.ም ክረምት ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ የትግራይ ልጅ የሆነችው ብስክሌተኛ እየሩ ገብሩ በጎዳና ውድድሩ የተሰለፈችው በኢትዮጵያ ማሊያ ሳይሆን በስደተኞች ቡድን ነው። ጦርነት ስፖርተኛን እንዴት እንደሚነጥቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በአማራ ክልልም በ2015 ዓ.ም ክረምት ግጭቱ ከፈነዳ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከአዴት ባሕር ዳር ለመሄድ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" መሆኑ ቀርቶ "ዛሬ መንገዱ ሰላም ነው?" ሆኗል። እህል ጫኙ፣ ታማሚው፣ ተማሪው በዚህ ጥያቄ ያድራል። ብቻውን ስድስት ሰዓት ብስክሌት ለመንዳት የሚወጣ ሰው በዚህ ሁኔታ እንደ እብድ ቢታይ አይገርምም። አንድ ተራ ሰው ያለ ምንም አጀብ 180 ኪሎ ሜትር ነድቶ ቤቱ የሚገባበት አገር ግን በየትኛውም መለኪያ ሰላም ያለበት አገር ነው።

🔹 "ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?"

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ኑሮ ተወዶ፣ ሰው እየሞተ ስለ ዋናና ብስክሌት ማውራት ምን ይሉታል? ደግ ጥያቄ ነው። ማንም ጤነኛ ሰው ለወረዳ ጤና ጣቢያ የተመደበ ብር ለትሪያትሎን ይዋል አይልም።

ነገር ግን የሚጠየቀው ነገር ምን እንደሆነ ይታይ። ንጹሕ ውሃና የዋና ትምህርት ሕፃናትን ከመስጠም ያድናል። ከመንገድ ጠርዝ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተተወ ቦታ ከአይሱዙ ጋር የሚጋፋውን ገበሬ፣ ተማሪና ባለ ጋሪ ያድናል። መንገዱ ሰላም መሆኑ ሁሉንም ያድናል። ትሪያትሎን የሚፈልገውና ሕዝቡ የሚፈልገው አንድ ነው። ስፖርቱ ትርፍ ሆኖ የሚመጣ ነገር ነው።

ደግሞም ከሩቅ ሳይሆን ከጎረቤት የሚታይ አለ። ሩዋንዳ እንደ ባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ከተማ በሆነችው ሩባቩ፣ ኪቩ ሐይቅ ላይ በ2014 ዓ.ም ክረምት የግማሽ ርቀቱን ዓለም አቀፍ ውድድር አስተናግዳለች። በ2018 ዓ.ም መስከረም ደግሞ ኪጋሊ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ምድር ላይ አዘጋጅታለች። ሐይቅና ዳገት ከሆነ ጎጃምም አላት።

🔹 ከየት ይጀመር?

የተራው ሰው ስፖርት በኢትዮጵያ አይሆንም የሚል ካለ ታላቁ ሩጫን ይመልከት። በ1994 ዓ.ም ኅዳር በ10 ሺህ ሰው ተጀምሮ ዛሬ አዲስ አበባን የሚያጥለቀልቅ ሆኗል። እዚያ የሚሮጠው ሕዝብ ሜዳሊያ አይጠብቅም። ማሊያውን ለብሶ፣ ጨርሶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይገባል። ሕዝቡ ዕድሉን ሲያገኝ ይወጣል ማለት ነው።

መነሻው ትልቅ መሆን የለበትም። ባሕር ዳር ላይ ከቢልሃርዚያ የተጠበቀ፣ ለተማሪ ክፍት የሆነ አንድ ገንዳና አሠልጣኝ ይኑር። በ2016 ዓ.ም ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መስመር ይዞ መሠራቱ ጥሩ ጅምር ነው፤ መስመሩ ድልድዩ ሲያልቅ አብሮ እንዳያልቅ ወደ አዴትና ወደ መራዊ መውጫዎች ይቀጥል። ሰላም ሲወርድ ደግሞ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚሆን አጭር ውድድር ለሥራ ሰው፣ ለሴቱም ለወንዱም፣ በተራ ብስክሌት ይዘጋጅ። ውድ ብስክሌት ኋላ ይደረስበታል።

ፌዴሬሽኖችም ቢሆኑ ስኬትን በሜዳሊያ ብቻ መቁጠር ቢያቆሙ ይበጃል። አምስት ሰዎች አንደኛ ሲወጡ አገር ይኮራል፤ አምስት ሺህ ሰዎች መዋኘትና ብስክሌት መንዳት ሲችሉ ግን አገር ይድናል። የመጀመሪያው የአዴት ትሪያትሌት ምናልባት የሚጨርሰው በ16 ሰዓት ተኩል፣ በጨለማ፣ እያነከሰ ይሆናል። ያን ቀን ሰዓቱን የሚጠይቅ ሰው ዋናውን ነገር ስቷል። መጠየቅ ያለበት ከጣና በጤና ወጥቶ፣ በጎጃም መንገድ ማንም ሳይነካው ነድቶ፣ እዚያው ሕዝቡ መሐል ሮጦ መግባት መቻሉ ነው።